ስለ እግር ደም ቅዳ መዘጋት እና ያለ ታላቅ ቀዶ ሕክምና ስለሚከፈትበት ዘዴ

በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ሥሮች በሚዘጉበት ጊዜ ስለሚመጣው ጉዳት፥ ስለ ሕክምናውና ስለ መከላከያው ነው። ይህ በሽታ እንደ ወባ በትኩሳት አይታወቅም፤ እንደ ተቅማጥም በአንድ ቀን ሰውን አይጥልም። ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሕመምተኛውና ቤተ ሰቡም «ቁርጥማት ነው»፥ «ብርድ ገብቶት ነው»፥ «እርጅና ነው» እያሉ ሌላ ስም ሲሰጡት የመዳኛው ጊዜ ያልፋል።

በከላላ፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢያቸው ባሉት ደጋዎች የሰው ኑሮ በእግሩ ላይ የቆመ ነው። ገበሬው ቁልቁለቱን ወርዶ ያርሳል፤ ነጋዴው ከገበያ ወደ ገበያ ይዞራል፤ ተማሪው ሸለቆ ተሻግሮ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። እግሩን ያጣ ሰው እርሻውንም፥ ገበያውንም፥ ለቅሶ መድረሱንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ የከተማ ነዋሪዎች ነገሩን ጠንቅቀው ዐውቀው ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስረዱልን እንለምናለን።

1ኛ/ ደም ወደ እግር የሚደርስበት መንገድ

ልብ ደምን የሚገፋ ጡንቻ ነው። ከልብ ተነሥቶ ወደ ሰውነት ክፍል ሁሉ ደም የሚወስደው ሥር ደም ቅዳ ይባላል፤ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ደም በዚህ አኳኋን እየዞረ የሚመላለስ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ታላቁ ደም ቅዳ ከልብ ወጥቶ በጀርባ አጥንት ፊት ለፊት እየወረደ እምብርት አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ቀኝ፥ ሁለተኛው ወደ ግራ ሄዶ በብሽሽት በኩል ወደ ጭን ይገባል። ከጉልበት በስተ ኋላ ካለፈ በኋላም በሦስት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተከፍሎ ባትንና መርገጫን ይመግባል።

ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት የመስኖ ቦይ ምሳሌ ይበቃል። ዋናው ቦይ ከላይ በደለል ቢሞላ ታችኛው መደብ ውሃ አያገኝም፤ ቡቃያው በመጀመሪያ ይጠወልጋል፥ ኋላም ይደርቃል። የደረቀው ቡቃያ የሚታየው ከታች ነው፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከላይ ነው። በእግርም እንዲሁ ቁስሉ ጣት ላይ ሲታይ መዘጋቱ ጭን ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁስሉን ብቻ እያጠቡ ቦዩን አለመመርመር ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

2ኛ/ መዘጋቱ እንዴት ይመጣል

የጤነኛ ሰው ደም ቅዳ ውስጡ የለሰለሰ፥ ግድግዳውም የሚለጠጥ ነው። በዕድሜ ብዛት፥ በትንባሆ፥ በስኳር በሽታ፥ በደም ግፊትና በደም ውስጥ ባለው የስብ ብዛት የተነሣ ግን ውስጠኛው ግድግዳ ይጎዳል። በተጎዳው ስፍራ ኮሌስትሮል የተባለው ስብ ይጠራቀማል፤ እየቆየም እንደ ኖራ ያለ ጠጣር ነገር ይጨመርበትና መንገዱን ያጠብባል። ይህ ሁሉ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሰውየውም ሳያውቀው ይኖራል።

ከነዚህ ምክንያቶች ሁሉ ትንባሆና የስኳር በሽታ ለእግር የከፉ ጠላቶች ናቸው። የስኳር በሽታ ከጉልበት በታች ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል፤ ከዚህም በላይ የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሕመምተኛው እሾህ ሲወጋው ወይም ጫማ ሲልጠው አይታወቀውም። ትንባሆ ደግሞ ወጣቶችን እንኳ አይምርም። በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ በርገር እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጹት አንድ በሽታ አለ፤ ይኸውም ትንባሆ የሚያጨሱ ወጣቶችን የእጅና የእግር ጥቃቅን ሥሮች እያሳበጠ የሚዘጋ ነው። ለዚህ በሽታ ዋነኛው መድኃኒት ትንባሆን ፈጽሞ መተው ነው፤ ካልተተወ ጣት ከጣት በኋላ ይጠፋል።

3ኛ/ በወሎ የታየ ሌላ ምክንያት

ወደ እግር የሚሄደው ደም የሚቋረጠው በስብ ብቻ አይደለም። የወሎ ሰው ይህን በመራራ ሁኔታ አይቶታል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978) በወሎ ክፍለ ሀገር የብዙ ሰዎች እግር እየቀዘቀዘና እየጠቆረ፥ ኋላም እየደረቀ የሚወድቅበት በሽታ ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ ሲመረመር ድርቁ ከቆየ በኋላ ሲናር ገብሱን አሸንፎ መብቀሉ፥ ሲናሩም ኧርጎት በሚባል ሻጋታ መመረዙ ታወቀ። ሻጋታው በእሸቱ ላይ የፍሬውን ቦታ ይዞ እንደ አይጥ ኩስ የሚመስል ጥቁር ቀንድ ያበቅላል። በእህሉ ውስጥ የተገኘው መርዝ እስከ 0.75 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ይህም በአንድ ኩንታል ውስጥ 750 ግራም ያህል ማለት ነው። 93 ሰዎች መታመማቸው፥ ከነዚህም 47ቱ መሞታቸው ተመዝግቧል። ከታመሙት የሚበዙት ልጆችና ጎልማሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ይኸው በሽታ በአርሲ በተመረዘ ገብስ ምክንያት ታይቷል።

የዚህ መርዝ ሥራ ደም ቅዳን ጨምድዶ ማጥበብ ነው። በሕክምና ቤት በልክ ሲሰጥ የወላድን ደም የሚያቆመው ኤርጎሜትሪን የሚባል መድኃኒት ከዚሁ ሻጋታ የተገኘ ነው፤ ያለ ልክ በእንጀራ ሲበላ ግን እግርን ይገድላል። ስለዚህ በገብስ፥ በስንዴና በሲናር ውስጥ ጥቁር ቀንድ መሰል ፍሬ የታየ እንደ ሆነ እህሉን በሚገባ አበጥሮና ለቅሞ መርዙን ማስወገድ፥ ለከብትም አለመስጠት፥ ብዙ ሆኖ ከተገኘም ለጤና ጣቢያና ለግብርና ሠራተኛ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የአንድ መንደር ብዙ ሰዎች እግር ባንድ ጊዜ ቢጠቁር ነገሩን እርግማን ወይም የሥጋ ደዌ ከማለት በፊት ወፍጮ ቤቱንና ጎተራውን መመርመር ይገባል።

4ኛ/ ምልክቶቹ

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ሲሄዱ የሚመጣ፥ ሲቆሙ የሚተው የባት ሕመም ነው። አንድ የ60 ዓመት ሰው ከቤቱ ወደ ገበያ ሲሄድ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ባቱን ይጨመድደዋል እንበል። ጥቂት ቢቆም ይተወዋል፤ መንገዱን ሲቀጥል በዚያው ርቀት ተመልሶ ይይዘዋል። ቁርጥማት ግን እንዲህ በልክ የሚሄድና የሚመጣ አይደለም። ጡንቻው ሲሠራ የሚፈልገው ደም ስለማይደርሰው ይጮሃል፤ ሲያርፍ ያለው ደም ስለሚበቃው ዝም ይላል።

ይህን ምልክት አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታወቀው የእንስሳት ሐኪም መሆኑ ያስገርማል። ፈረንሳዊው ቡሌ እ.ኤ.አ. በ1831 ሠረገላ የሚጎትት ፈረስ ጥቂት ከሮጠ በኋላ እያነከሰ፥ ሲያርፍም እየተሻለው ሲቸገር አይተው፥ ፈረሱ ከሞተ በኋላ ሬሳውን ቢመረምሩ የጭኑ ደም ቅዳ ተዘግቶ አገኙ። በሰውም ላይ ያው ነገር መኖሩን ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1858 አስረዱ። ፈረስና በቅሎ ለሚያውቅ ለአገራችን ሰው ይህ ምሳሌ ቶሎ የሚገባ ይመስለናል።

በሽታው እየበረታ ሲሄድ የሚከተሉት ይታያሉ፤

ሀ/ እግሩ ከሌላው እግር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ባቱ ይከሳል፤ ቆዳው ይሳሳል፤ ጠጉሩም ይመለጣል።

ለ/ ሌሊት በተኙበት መርገጫውን ያቃጥላል። ሕመምተኛው እግሩን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ይሻለዋል፤ ከፍ ሲያደርገው ይብስበታል።

ሐ/ በጣት ወይም በተረከዝ ላይ የወጣ ቁስል ሳምንታት አልፈው አይድንም።

መ/ ጣቱ ይጠቁራል። ይህ ጋንግሪን ነው፤ የሞተውን ሥጋ የሚያስነሣ መድኃኒት የለም።

በዚህ በሽታ እግሩ በሚሄዱበት ጊዜ ያማል እንጂ እንደ ዝሆኔ አያብጥም። አንባቢዎቻችን ሁለቱን እንዳይቀላቅሉ እናሳስባለን።

5ኛ/ በጤና ጣቢያ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው በጣት ይጀመራል። በመርገጫው ጀርባ ላይ፥ እንዲሁም በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በስተ ኋላ የደም ትርታ አለ፤ ባለሙያው ሁለቱን ስፍራዎች በሁለቱም እግሮች ይዳስሳል። ቀጥሎ የክንድና የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ይለካል፤ የቁርጭምጭሚቱም ለክንዱ ይካፈላል። ለምሳሌ የክንዱ 140፥ የቁርጭምጭሚቱ 84 ቢሆን፥ 84 ለ140 ሲካፈል 0.60 ይሆናል። ጤነኛ ሰው 1 ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ቁጥር ይኖረዋል፤ 0.90 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቁጥር መጥበብን ያመለክታል። የስኳር ሕመምተኞች ሥር ጠጥሮ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ለነርሱ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። መምህራን ይህን ስሌት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢያሠሩት ተማሪው ማካፈልንም ጤናንም አብሮ ይማራል።

6ኛ/ ሕክምናው

የሕክምናው መጀመሪያ ቢላዋም ቧንቧም አይደለም። ሕመምተኛው ትንባሆን ይተዋል፤ የደሙን ስኳርና ግፊት ያስተካክላል፤ ሐኪሙ የሚያዝለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል። ከዚህም በቀር በልክ መራመድ ራሱ መድኃኒት ነው። ባቱ እስኪያመው ይሄዳል፥ ሲያመው ያርፋል፥ ሲተወው እንደገና ይሄዳል፤ ይህን በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፥ በየጊዜው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፥ ለ3 ወር ያህል ሲያደርግ ብዙ ሰው ያለ ሕመም የሚሄድበት ርቀት ይጨምርለታል። ነገር ግን ቁስል ወይም የሌሊት ሕመም ያለበት ሰው በመራመድ ብቻ ጊዜ እንዳያጠፋ ወደ ሐኪም ይሂድ።

እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ቀድሞ የነበረው ምርጫ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ሰፊ ቀዶ ሕክምና፥ ሁለተኛው እግርን መቁረጥ። ሦስተኛው መንገድ የተገኘው በ1956 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር (እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1964) በአሜሪካ በኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፥ ጣቶቻቸው ወደ ጋንግሪን የደረሱ የ82 ዓመት ሴት እግራቸው እንዲቆረጥ ቢነገራቸው እምቢ አሉ። የራጅ ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር በቀጭን ሽቦ ላይ እየጨመሩ በሚወፍሩ ቱቦዎች የጠበበውን የጭን ሥር ከውስጥ ከፈቱላቸው። እግሩ ሞቀ፥ ቁስሉ ዳነ፤ ሴትዮዋም በእግራቸው ሲሄዱ ኖሩ። በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1974) ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትዚግ የተባሉ ሐኪም በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በቱቦው ጫፍ ላይ ፊኛ አድርገው የእግርን ሥር መክፈት ጀመሩ። ይኸው ፊኛ እ.ኤ.አ. በ1977 ለልብ ሥር ዋለ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ የልብ ሕመምተኞችን የሚረዳው ዘዴ በእግር የተጀመረ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

ሥራው እንዲህ ይፈጸማል። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፤ ብሽሽቱ በመርፌ ይደነዝዛል እንጂ እርሱ አይተኛም። ሐኪሙ ደም ቅዳውን በመርፌ ወግቶ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፤ መርፌውን አውጥቶ በሽቦው ላይ ካቴተር የሚባለውን ቱቦ ያስገባል። ይህን ጥበብ ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 አስተማሩ። በቱቦው ቀለም ሲረጭ የተዘጋው ስፍራ በራጅ ይታያል። ሽቦው የጠበበውን ካለፈ በኋላ ፊኛው በላዩ ላይ ተስቦ በስፍራው ይነፋል፤ የተጠራቀመውንም ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ፊኛው ተመልሶ ይወጣል፤ መንገዱ ተመልሶ የሚጠብ ከሆነም ስቴንት የሚባል የብረት መረብ በዚያው ይተውለታል። መርፌው የገባበት ስፍራ ደሙ እስኪቆም ይጫናል፤ ሕመምተኛው ጥቂት ሰዓት ተኝቶ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህ ሥራ ሲሠራ ተመልክተናል፤ ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገረ ሳለ የነጣው ጣቱ መልኩ ሲመለስ ማየት ትምህርቱን የማይረሳ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ተአምር አይደለም። የተከፈተው ሥር ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊጠብ ይችላል፤ የተወጋው ስፍራ ሊደማ ይችላል፤ ቀለሙም ደካማ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። መዘጋቱ ረጅም ሲሆን ከራሱ ከሕመምተኛው የተወሰደ ደም መልስ በመቀጠል ማለፊያ የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና ይሻል ይሆናል። በትንባሆ ለተዘጉት ጥቃቅን ሥሮችም ፊኛው እምብዛም አይረዳም። የሞተ ጣትም በፊኛ አይነሣም፤ ፊኛው የሚያድነው ገና በሕይወት ያለውን እግር ነው። ሕመምተኛውም ወጥቶ ትንባሆውን ቢቀጥል የተከፈተውን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

ይህ ሥራ ልዩ የራጅ መሣሪያና በዚሁ የሠለጠነ ሐኪም ስለሚፈልግ በየወረዳው አይገኝም። ከከላላ የሚነሣ ሕመምተኛ በመጀመሪያ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል፥ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ ጣት ሳይጠቁር ጉዞውን መጀመር ነው ትልቁ ብልኀት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

7ኛ/ ጊዜ የማይሰጠው አደጋ

አንዳንድ ጊዜ መዘጋቱ በዓመታት ሳይሆን በደቂቃዎች ይመጣል። በተለይ የልብ በር በሽታ ባለበት ሰው፥ ወጣትም ቢሆን፥ በልቡ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ የእግርን ሥር ሊወትፍ ይችላል። ያን ጊዜ እግሩ በድንገት ክፉኛ ያመዋል፥ ይነጣል፥ ይቀዘቅዛል፥ ትርታውም ይጠፋል፤ ኋላ ይደነዝዛል፥ ጣቱንም ማንቀሳቀስ ይሳነዋል። እንዲህ ያለው እግር በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተረዳ ብዙ ጊዜ ሳይድን ይቀራል። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ፎጋርቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስታወቁት ባለ ፊኛ ቱቦ የረጋውን ደም በትንሽ ቀዳዳ ስቦ ለማውጣት ይረዳል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ቀድሞ መድረስ አለበት። ስለዚህ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም፤ ለወጌሻ ማሳሸት፥ በእሳት ማሞቅ፥ በጨርቅ ጠፍሮ ማሰርም ጉዳቱን ያብሳል። እግሩን በልብስ ሸፍኖ፥ ከፍ ሳያደርጉ፥ በተገኘው መኪና ወዲያው መውሰድ ነው የሚገባው።

8ኛ/ መከላከያው

1. ትንባሆን አለመጀመር፥ የጀመሩም መተው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በትምህርት ቤት ማጨስ የተከለከለ ስለ ሆነ መምህራን ለዚህ ምሳሌ ይሁኑ።

2. ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የደም ግፊቱንና የስኳሩን መጠን በየጊዜው ያስመርምር።

3. የስኳር ሕመምተኛ ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ፥ በጣቶቹ መካከል አድርቆ፥ ውስጥ እግሩን በብርሃን ይመልከት፤ ዐይኑ ከደከመ ልጁ ይይለት።

4. በባዶ እግር አይሂድ፤ ጠባብ ጫማም አያድርግ። የጎማም ሆነ የላስቲክ ጫማ ከማድረጉ በፊት ጠጠር እንዳይኖርበት በእጁ ይዳስስ።

5. በብርዱ ወራት የደነዘዘ እግርን ወደ ምድጃ አለማስጠጋት። ቃጠሎው ሳይታወቅ ይደርሳል፤ ወፍራም ካልሲ ይሻላል።

6. ቁስልን አለመብጣት፥ በጋለ ብረት አለመተኮስ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የእግር ቁስል በጤና ጣቢያ ይታይ።

ለመምህራን፤ በክፍል የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀ/ ደም ቅዳና ደም መልስ ምን ልዩነት አላቸው?

ለ/ የአንድ ሰው የክንድ ግፊት 150፥ የቁርጭምጭሚቱ 105 ነው። ቁጥሩ ስንት ይሆናል? ምንስ ያመለክታል?

ሐ/ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ የሰዎችን እግር ያደረቀው ምን ነበር? እህልን እንዴት እናጠራለን?

መ/ ፊኛው ሊያድነው የሚችለውና የማይችለው እግር የትኛው ነው?

ሠ/ አባትህ ወይም እናትህ ዳገት ሲወጡ በየመንገዱ ቆም እያሉ ባታቸውን የሚይዙ ከሆነ ምን ትመክራቸዋለህ?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በደብተር ላይ እንዳይቀር፥ ተማሪው ማታ ቤቱ ሲገባ ለወላጆቹ እንዲነግራቸው መምህራኑ አደራ ይበሉት።